ሥራና ፈውስ፤ ከባድ የአእምሮ ሕመም ላለባቸው ሰዎች የሚሰጥ የሥራ ድጋፍ ከሐይቅና ከአምባሰል አንጻር

«እስኪሻለው ይረፍ» የሚለው አነጋገር በሀገራችን ከባድ የአእምሮ ሕመም በገባበት ቤት ብዙ ጊዜ ይሰማል። አነጋገሩ ከርኅራኄ የመነጨ ነው። በሬው ለወንድም ይሰጣል፤ ማሳው ለሌላ አራሽ በእኩል ይሰጣል፤ ታማሚው ደግሞ ከቤቱ ጥግ ተቀምጦ እንዲድን ይጠበቃል። ወራት አልፈው ዓመታት ይተካሉ። ሕመሙ ጋብ ቢል እንኳ የተቀመጠው ሰው አይነሳም፤ የሚነሳለት ሥራ የለውምና። በዚህ ጽሑፍ የምናነሳው ጥያቄ ሥራ ከዳኑ በኋላ የሚመጣ ሽልማት ነው ወይስ ራሱ ከፈውሱ አንዱ ክፍል ነው የሚለው ነው። ጥያቄው ፍልስፍና ቢመስልም ላለፉት ሠላሳ ዓመታት በሳይንሳዊ ሙከራ ሲፈተን ቆይቷል። ከፈተናዎቹ አንዱ በዚሁ በሀገራችን ገጠር ተካሂዷል።

ምሳሌዎቻችንን የምንወስደው ከደቡብ ወሎ፣ ከሐይቅና ከአምባሰል ነው። የተሁለደሬ ወረዳዋ ሐይቅ ከተማ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በወልድያ መንገድ ላይ ትገኛለች። በዚያው መንገድ ወደ ሰሜን ሲዘልቁ የአምባሰል ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ውጫሌ ትመጣለች። (አምባሰል ሲባል አብዛኛው አንባቢ ቀድሞ የሚያስበው ቅኝቱን መሆኑን እናውቃለን።) የአካባቢው ኑሮ ጤፍ፣ ማሽላ፣ ሽንብራ፣ ከብት፣ በሐይቁ ዳር ደግሞ የመስኖ አትክልትና ዓሣ ነው። የወር ደመወዝ የሚከፍል ድርጅት ጥቂት ነው። ስለዚህ «ሥራ» ስንል እዚህ ምን ማለታችን እንደሆነ መለየት ይኖርብናል።

ሕመሙ ከሥራ የሚነጥቀው ምንድን ነው?

ከባድ የአእምሮ ሕመም ሲባል በተለምዶ ስኪዞፍሬኒያ፣ ባይፖላር የተባለው የስሜት መዋዠቅ ሕመምና ከባድ የድባቴ ሕመም ይጠቀሳሉ። እኛ እዚህ ይበልጥ የምናተኩረው በስኪዞፍሬኒያ ላይ ነው። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከጉርምስና ማብቂያ እስከ ሠላሳዎቹ ባለው ዕድሜ ነው፤ ሰው ትምህርቱን ጨርሶ፣ ሥራ ይዞ፣ ትዳር የሚመሠርትበት ዘመን መሆኑ ነው።

ምልክቶቹ በሦስት ወገን ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ ጎልተው የሚታዩት ናቸው፤ ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ መስማት፣ ከእውነታ የራቀ ጽኑ እምነት፣ የተዘበራረቀ ንግግር። ሁለተኛዎቹ በዝምታ የሚመጡ ናቸው፤ ፍላጎት ማጣት፣ ከሰው መሸሽ፣ ፊት ላይ ስሜት አለመታየት። ሦስተኛዎቹ የማሰብ ሂደትን ይነካሉ፤ ትኩረት ይቀንሳል፣ አንድን መረጃ ለአጭር ጊዜ በአእምሮ ይዞ መጠቀም ያስቸግራል፣ ሥራን በቅደም ተከተል ማቀድ ይከብዳል።

ቤተሰብ የሚያየው በአብዛኛው የመጀመሪያውን ነው። ሥራ የሚያስፈታው ግን ብዙውን ጊዜ ሁለተኛውና ሦስተኛው ነው። ማረስን እንውሰድ። ላየው ሰው አንድ ሥራ ይመስላል፤ በውስጡ ግን በሬዎቹን መፈለግ፣ ቀንበርና ሞፈር ማዘጋጀት፣ መጥመድ፣ ትልሙን በዐይን እየለኩ ማረሻውን መምራት፣ በሬ ሲያፈነግጥ መመለስና የቀረውን ማሳ ማሰብ አለ። የማቀድ ችሎታው የተዳከመ ሰው ጉልበት እያለው ከመካከሉ ቆሞ ይቀራል። ያን ጊዜ «ሰነፈ» ይባላል። ከዚህ የበለጠ የሚጎዳው ስም ያለ አይመስለንም።

ጸረ ሳይኮሲስ መድኃኒቶች የመጀመሪያውን ወገን ምልክቶች በማስታገስ ይታወቃሉ። የመጀመሪያው የሆነው ክሎርፕሮማዚን እ.ኤ.አ. በ1952 በፈረንሳይ በሥራ ላይ ዋለ። እነዚህ መድኃኒቶች በዋናነት ዶፓሚን የተባለው የአንጎል መልእክተኛ ንጥረ ነገር የሚያርፍባቸውን ተቀባዮች ይዘጋሉ። በዝምታው ወገንና በማሰብ ሂደት ላይ ያላቸው ኃይል ግን አነስተኛ ነው። መድኃኒት ብቻውን ሰውን ወደ ማሳው የማይመልስበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ገጠር በራሱ ይፈውሳልን?

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የዓለም ጤና ድርጅት በዘጠኝ አገሮች ስለ ስኪዞፍሬኒያ ጥናት አስጀምሮ ነበር። ታማሚዎቹ ከሁለትና ከአምስት ዓመት በኋላ ሲታዩ ናይጄሪያና ሕንድ ያሉት በጥቅሉ ከበለጸጉት አገሮች ታማሚዎች የተሻለ ውጤት አሳዩ። ውጤቱ ብዙ አከራከረ። ከቀረቡት ማብራሪያዎች መካከል የዘመድ ብዛትና የእርሻ ሥራ ይገኙበታል። ፋብሪካ ለዘገየ ሠራተኛ ቦታ የለውም፤ እርሻ ግን ለእያንዳንዱ ሰው እንደ አቅሙ የሚሆን ሥራ አያጣም የሚል ነበር ሐሳቡ።

ደስ የሚል ሐሳብ ነው፤ ለሀገርም ለገጠርም ክብር ይሰጣል። ነገር ግን ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በቡታጅራ አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ የተካሄደው ጥናት ሐሳቡን ክፉኛ ፈተነው። ተመራማሪዎቹ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ 68,378 ሰዎችን ቤት ለቤት መረመሩ። ከእነርሱ መካከል 321 ሰዎች ስኪዞፍሬኒያ ተገኘባቸው፤ ከሺህ ሰው 4.7 ያህል ማለት ነው። ከተገኙት አብዛኞቹ ቀድሞ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር። ስለዚህ ሕመሙ በገጠር ኑሮ ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ ለማየት ያልተለመደ ዕድል ተገኘ።

የተገኘው መልስ አሳዛኝ ነው። ታማሚዎቹ በአማካይ ለሦስት ዓመት ተኩል ያህል ሲታዩ 30.8 በመቶ የሚሆኑት ሕመሙ ሳይለቃቸው ቆይተዋል። ለማለት ይቻል ዘንድ ሙሉ በሙሉ ድነው የቆዩት 5.7 በመቶ ብቻ ናቸው። የቀሩት አንዴ እየተሻላቸው አንዴ እያገረሸባቸው ኖረዋል። ከዚያም አልፎ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን 919 ሰዎች ለአሥር ዓመት የተከታተለው ክፍል እ.ኤ.አ. በ2015 ሲታተም፣ የሞቱት ሰዎች ዕድሜ በአማካይ ሠላሳ ዓመት ያህል ያጠረ ሆኖ ተገኘ። ለሞት ምክንያቶች ግንባር ቀደሙ ተላላፊ በሽታ ነው።

እርሻ አለ፣ ዘመድ አለ፣ ነገር ግን ሰዎቹ አልዳኑም። ከዚህ የምንረዳው ሥራ ዋጋ የለውም ማለትን አይደለም። ሥራ በአካባቢው መኖሩና ታማሚው በሥራው ውስጥ መኖሩ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ማሳው ቢኖርም በእኩል ተሰጥቷል፤ ደቦ ቢኖርም እርሱን አይጠሩትም።

እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር እናንሳ። ቡታጅራ ላይ ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው ሆነው ከተገኙት ወንዶቹ ከሴቶቹ አምስት እጥፍ ያህል ነበሩ። በሌላው ዓለም ልዩነቱ ይህን ያህል ሰፊ አይደለም። ምናልባት ከቤት ውስጥ የምትውል ሴት ዝም ስትል የሚያስተውላት ሰው ስለሚያንስ ይሆን? ወንድ ማሳው ሲጦም መንደሩ ሁሉ ያያል። የእርሷ እንዝርት መቆሙን ግን ማን ይቆጥራል? ይህን የምንለው በመላምትነት ነው፤ ወደፊት ለሚያጠና ተማሪ ጥሩ ርዕስ ይመስለናል።

መድኃኒትና ባዶ ሆድ

ከቡታጅራ ብዙም በማይርቀው በሶዶ ወረዳ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ቤትና ሌሎች ቤቶች ተነጻጽረው ነበር። ጽኑ የምግብ እጦት ያለባቸው ከመጀመሪያዎቹ 32.5 በመቶ፣ ከሌሎቹ 15.9 በመቶ ሆነው ተገኙ። ዕጥፍ ማለት ነው። ሰው ስለታመመ አይሠራም፤ ስላልሠራ ቤቱ ይራባል። ረኀቡ ደግሞ ተመልሶ ሕክምናውን ይመታል። ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው ሰዎች በቡታጅራ መድኃኒት ለምን እንደሚያቋርጡ በተጠየቁ ጊዜ ከሰጧቸው ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ መድኃኒቱ የምግብ ፍላጎትን እየቀሰቀሰ የሚበላ ነገር አለመኖሩ ነው። ይህን መልስ ሰምቶ «ታማሚው መድኃኒቱን እምቢ አለ» ብሎ በካርዱ ላይ መጻፍ ትክክል አይሆንም።

ስለዚህ የሥራ ድጋፍ በገጠር ኢትዮጵያ የኋላ ጉዳይ ተደርጎ መታየት የለበትም። እህል የሚገባበት በር ነው፤ እህሉ ደግሞ መድኃኒቱን የሚያስቀጥል ነው።

ማሠልጠን ይቅደም ወይስ ማሠማራት?

በሌላው ዓለም ስለ ሥራ ድጋፍ የተነሳው ትልቁ ክርክር ስለ ቅደም ተከተል ነው። የቀድሞው አካሄድ ታማሚውን በተከለለ የሥልጠና ቤት አስገብቶ ቅርጫት ማሠራት፣ ልብስ ማሰፋት፣ «ሲደርስ» ወደ ሥራ መላክ ነበር። ብዙዎቹ ሳይደርሱ በሥልጠናው ቤት ያረጁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአሜሪካ በኒው ሐምፕሸር የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች ቅደም ተከተሉን ገለበጡት። መሥራት የሚፈልግን ሰው ምልክቶቹ እስኪጠፉ ሳይጠብቁ እርሱ በመረጠው እውነተኛ ሥራ ማስገባት፣ ከዚያም በሥራው ላይ እያለ ማሠልጠንና መደገፍ። ድጋፉ ቀን አይቆረጥለትም፤ ደጋፊውም ከሚያክመው ቡድን ጋር አብሮ ይሠራል።

ይህ አካሄድ በስድስት የአውሮፓ ከተሞች ተፈትኖ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ታተመ። 312 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ለ18 ወራት ተከታተሉ። በአዲሱ መንገድ ከተደገፉት 55 በመቶ፣ በቀድሞው መንገድ ከተደገፉት 28 በመቶ ቢያንስ ለአንድ ቀን ተቀጥረው ሠሩ። «ለአንድ ቀን» የሚለው መለኪያ ትንሽ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል፤ የዕድሜ ልክ ሥራ አገኙ ማለት አይደለም። ነገር ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ ሥራ መግባታቸው ያሳምማቸዋል የሚለው ስጋትም በውጤቱ አልተደገፈም።

ይህን ወስደን በቀጥታ ሐይቅ ላይ ብንተክለው አይጸድቅም። በለንደን ወይም በሶፊያ ደጋፊው የሚያንኳኳው የአሠሪን በር ነው። በአምባሰል ገጠር አሠሪው አባት ነው፣ ወንድም ነው፣ የወንፈል ጓደኛ ነው። የሥራ ማስታወቂያ የለም፤ ግን ማንን መጥራት ማንን መተው እንደሚገባ የሚወስን ያልተጻፈ ሕግ አለ። ስለዚህ ከውጭው ልምድ የሚወሰደው ቅደም ተከተሉ ነው፤ የሚንኳኳው በር ግን ሌላ ነው።

የሶዶ ሙከራ

ያን በር ያንኳኳው የሶዶው ሙከራ ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በዚህ የጉራጌ ወረዳ፣ በ48 ቀበሌዎች የሚኖሩ ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው 166 ሰዎች የተካተቱበት ማኅበረሰብ አቀፍ የተሃድሶ ጥናት ተካሄደ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ታትሟል። ከቀበሌዎቹ ግማሾቹ በጤና ጣቢያ የሚሰጠውን ሕክምና ብቻ ሲያገኙ፣ በሌሎቹ ለአንድ ዓመት የቤት ለቤት ድጋፍ ተጨመረ።

እዚህ ላይ ለሳይንስ ተማሪ የሚጠቅም አንድ ነጥብ አለ። ዕጣ የወጣው በሰው ሳይሆን በቀበሌ ነው። ለምን? ድጋፉ ታማሚውን ብቻ አይመለከትም፤ የዕድር መሪውን፣ የሃይማኖት አባቱን፣ ጎረቤቱን ያነጋግራል። በአንድ ቀበሌ ውስጥ ግማሹን ሰው ቢደግፉ የጎረቤቶች አመለካከት መለወጡ ያልተደገፈውንም ይነካዋል፤ ያኔ ንጽጽሩ ይበላሻል። ቀበሌን እንደ አንድ ክፍል መውሰድ ይህን ያስቀራል። ክፍያው ደግሞ አለ፤ የአንድ ቀበሌ ሰዎች ስለሚመሳሰሉ 166 ሰዎች የ166 ነጻ ሰዎችን ያህል መረጃ አይሰጡም።

ደጋፊዎቹ ሐኪሞች አልነበሩም። በትምህርት እስከ አሥረኛ ክፍል የደረሱና ለአጭር ጊዜ የሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች ናቸው። ቤት እየሄዱ ታማሚውንና ቤተሰቡን ስለ ሕመሙ ያስረዳሉ፤ መድኃኒት እንዳይቋረጥ ያግዛሉ፤ በእግር ብረት ወይም በገመድ የታሰረ ካለ የሚፈታበትን መንገድ ይፈልጋሉ፤ ወደ ሥራና ወደ ማኅበራዊ ኑሮ መመለስን ከታማሚው ጋር ያቅዳሉ። በመጀመሪያ ይዘወተራሉ፤ ቆይተው ይራራቃሉ። ከአሥራ ሁለት ወር በኋላ የተጨማሪው ድጋፍ ተጠቃሚዎች የዕለት ተዕለት ተግባራቸውን የማከናወን ችግር ሕክምና ብቻ ካገኙት ይልቅ ቀንሶ ተገኘ።

ከዚህ በፊት በአሥር ታማሚዎች ላይ የተደረገው የሙከራ ሙከራ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ ትቶ ነበር። መድኃኒት በማይገኝበትና ድህነት በጸናበት ቤት የደጋፊው ምክር ብዙ አይራመድም። ጥሩ ቃል በሬ አይሆንም።

ይህ በሐይቅና በአምባሰል ቢሠራ

ከዚህ ቀጥሎ ያለው የእኛ ሐሳብ ነው፤ በሶዶ የተገኘውን በወሎ ኑሮ ስንተረጉመው የሚታየን።

በመጀመሪያ ስፋቱን እንገምት። ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆኑ 50,000 ሰዎች ያሉበትን አንድ ወረዳ በምሳሌነት ብንወስድና የቡታጅራን መጠን ብንጠቀም፣ 50,000 × 4.7 ÷ 1,000 = 235 ሰዎች ይሆናሉ። ባይፖላር ያለባቸው ሲጨመሩ ቁጥሩ ያድጋል። ለአንድ ቀበሌ ሲከፋፈል ግን ጥቂት ሰዎች ነው የሚደርሱት። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በስማቸው ልታውቃቸው የምትችላቸው ሰዎች ናቸው። ችግሩ ከአቅም በላይ ነው የሚለው አባባል እዚህ ላይ አይሠራም።

ሁለተኛው ወንፈል ነው። ወንፈል የጉልበት ብድር ነው፤ ዛሬ ለእኔ ያረስከውን ነገ ለአንተ አርሳለሁ። ሕመሙ የሚያገረሽበት ሰው ብድሩን በቀኑ መመለስ ላይችል ይችላል። ሁለት ጊዜ ሲቀር ከቡድኑ ይወጣል፤ ክፋት ሳይሆን ሒሳብ ነው። ደጋፊው ሰው ሊሠራ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በመጥፎ ቀን ወንድሙ ወይም የአጎቱ ልጅ እንዲተካው አስቀድሞ ቢስማሙ ቡድኑ አይጎዳም፤ ታማሚውም ቦታውን አያጣም። በሌላው ዓለም አሠሪና ሠራተኛ የሚፈርሙትን ማመቻቸት እዚህ ሦስት ሰዎች ቡና ላይ ሊጨርሱት ይችላሉ።

ሦስተኛው ሥራንና ሰውን ማስማማት ነው። ለምሳሌ ያህል፣ መድኃኒት ከጀመረ ሁለት ወር የሆነው አንድ ወጣት እናስብ። ድምፅ መስማቱ ቀንሷል፤ ጠዋት ጠዋት ግን እንቅልፍ ይጥለዋል፤ እጁም ይንቀጠቀጣል። ይህን ልጅ በማለዳ ጥማድ አስይዞ መላክ ለውድቀት መዳረግ ነው። መንቀጥቀጡና ድብታው የመድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳት ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ለጤና ባለሙያው ይነገር። መጠኑን ማስተካከል ወይም የሚወሰድበትን ሰዓት ወደ ማታ ማዞር ብዙ ጊዜ ይቻላል፤ ይህን የሚወስነው ግን ባለሙያው ነው። «ሥራ እየከለከለው ነው» የሚለው ቃል ለሐኪሙ ከየትኛውም መለኪያ ያላነሰ መረጃ ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራውን መሰንጠቅ ይመጣል። ውኃ ማምጣት፣ በግ ማሠማራት፣ አረም ከሌላ ሰው ጎን ሆኖ ማረም፣ በውቂያ ጊዜ በሬ መንዳት፣ ከዚያ ማረስ። የማሽላ ማሳን ከወፍ መጠበቅ ቀላል ስለሚመስል ብዙ ጊዜ ለታማሚ የሚታሰብ ሥራ ነው። እኛ ግን እንጠነቀቃለን። ቀኑን ሙሉ በማማ ላይ ወንጭፍ ይዞ ብቻውን የሚውል ሰው፣ ድምፅ የሚሰማው ከሆነ፣ ከድምፁ ጋር ብቻውን ውሎ ይመጣል። ሌላው ደግሞ የገበያ ጫጫታ አይሆንለትም፤ ለእርሱ ማማው ዕረፍት ነው። የትኛው እንደሆነ ራሱን መጠየቅ ይበልጣል። ለሴቶችም እንዲሁ ነው፤ ድብታ የሚያመጣ መድኃኒት የጀመረች ሴት ከእሳት ዳር ከሚያውል ጋገራ ይልቅ በስፌት፣ በፈትል ወይም በጓሮ አትክልት ብትጀምር ለአደጋ አትጋለጥም።

የቤተሰቡ አነጋገርም የሥራው አካል ነው። ነቀፌታና ቁጣ የበዛበት ቤት የሚኖሩ ታማሚዎች ቶሎ እንደሚያገረሽባቸው በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። ግማሽ እርከን ያረመን ልጅ «ይኸው ነው?» ማለትና «ነገ ከዚህ እንቀጥል» ማለት በውጤታቸው አይመሳሰሉም።

ሊጠነቀቁት የሚገባ

ሥራ ሁሉ ድጋፍ አይደለም። ታማሚን ለዓመታት በእራት ብቻ ከብት ማስጠበቅ በየገጠሩ የሚታይ ነገር ነው፤ «ሥራ አስያዝነው» ተብሎም ይመሰገንበታል። ለእኩያው የሚከፈለው ለእርሱ ካልተከፈለ፣ ወይም ከምርቱ ድርሻ ከሌለው፣ ስሙ ሌላ ነው። በእኩል የተሰጠ መሬቱ ጉዳይም እንዲሁ መታየት አለበት። ሲሻለው መሬቱ የሚመለስበት ጊዜ በሽማግሌ ፊት ካልተነገረ፣ ሕመሙ ያለፈ ሰው ባለ ይዞታ ሆኖ ሳለ መሬት አልባ ይሆናል።

ብድርም አለ። በአማራ ክልል ገጠር የቁጠባና ብድር ተቋሙ፣ ዛሬ ጸደይ ባንክ የሆነው፣ ለረዥም ጊዜ ያበደረው በቡድን ዋስትና ነበር። አባላት እርስ በርስ ስለሚመራረጡ «አንድ ቀን ያመዋል» የተባለ ሰው ቀድሞ የሚቀር ይሆናል። ሁለት በግ መግዣ ለሚፈልግ ታማሚ ከዚህ ይልቅ ቅሬው ይቀርበዋል። በወሎ ቅሬ ለቀብርና ለሐዘን የቆመ መረዳጃ ነው፤ መዋጮ መሰብሰብ፣ መቆጣጠር፣ የቀረን መቅጣት ያውቅበታል። ታማሚው በቅሬው ስሙ እንዳይሰረዝ ማድረግ፣ ድንኳን በመትከልም ሆነ ውኃ በማመላለስ እንዲሳተፍ መጥራት፣ ወደ ሥራ የመመለስ የመጀመሪያ እርምጃ ሊሆን ይችላል። ሰው በሐዘን ቤት ሲሠራ ያዩት ሰዎች ለወንፈል መጥራት አይከብዳቸውም።

ጫትን በተመለከተ በአካባቢው ከሥራም ከጸሎትም ጋር የተያያዘ ልማድ መሆኑን እንረዳለን። ነገር ግን ካቲኖን የተባለው በጫት ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር የዶፓሚንን መጠን ከፍ ያደርጋል፤ መድኃኒቱ የሚዘጋውን መንገድ ጫቱ ይገፋዋል። ስኪዞፍሬኒያ ላለበት ሰው «ለሥራ ያነቃዋል» ብሎ ጫት መስጠት ያገኘውን ፈውስ ሊያሳጣው ይችላል። ጠበልና ዱዓ ግን እንደዚህ መታየት የለባቸውም። ከመድኃኒት ጋር ጎን ለጎን ሊሄዱ ይችላሉ፤ አንዱ ሌላውን እንዲያቋርጥ ካልተደረገ በቀር።

የመድኃኒት መቋረጥን አደጋ ደቡብ ወሎ በቅርቡ ዐይቶታል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴንና አካባቢዋን ባዳረሰ ጊዜ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። ስኪዞፍሬኒያ ያለበት ሰው መድኃኒቱ ሲቋረጥ የሚያገረሽበት ወዲያው ላይሆን ይችላል፤ ሳምንታትና ወራት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህም ቤተሰቡ «ያለ መድኃኒትም ደኅና ነው» ብሎ ይዘናጋል።

ሕጉና ከተማው

በከተማ፣ ደመወዝ በሚከፈልበት ሥራ፣ ሕጉ ግልጽ ነው። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 የአካል ጉዳተኛን ሲተረጉም የአእምሮ ጉዳትንም ይጨምራል፤ አሠሪው ለሥራው የሚያስፈልገውን ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲያደርግም ያዛል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነትም በ27ኛው አንቀጹ ስለ ሥራ መብት ይናገራል። ለዐይነ ስውር ማመቻቸት ምን እንደሆነ ብዙ አሠሪ ያውቃል። ለስኪዞፍሬኒያ ምን እንደሆነ ቢጠየቅ ግን የሚመልስ ጥቂት ነው። መልሱ ርካሽ ነው፤ በወር አንድ ቀን ለመድኃኒት ክትትል ፈቃድ፣ የሌሊት ፈረቃን መተው፣ ትእዛዝን በጽሑፍና አንድ በአንድ መስጠት፣ ሲያገረሽ ከሥራ ከማሰናበት ይልቅ የሕመም ፈቃድ መስጠት።

ለተማሪም ይኸው ይሠራል። ሕመሙ በዩኒቨርሲቲ ዕድሜ ስለሚጀምር፣ ትምህርት ማቋረጥ የግድ ቢሆን እንኳ የመመለሻው ቀን ከመነሻው ተጽፎ ቢሰጥ፣ ሲመለስም በጥቂት ኮርስ ቢጀምር፣ ከላይ ያነሳነው የቅደም ተከተል ሐሳብ ማለት ነው።

መቼ ይጀመር?

በገጠሩ ደጋፊ ለመጀመር የተሻለው ወቅት የትኛው ነው ብለን ተወያይተን ነበር። ክረምት አረም የሚበዛበት፣ ሰው የሚፈለግበት ጊዜ ነው፤ ግን ጎተራው የሚጎድልበትም ነው። የምግብ ፍላጎት የሚቀሰቅስ መድኃኒት በሐምሌ ማስጀመርና ወዲያው ወደ ከባድ ሥራ ማስገባት ከላይ ያየነውን የባዶ ሆድ ችግር መጋበዝ ይሆናል። በእርግጥ ያመመው ሰው ሕክምናውን ወቅት አይቶ አይጠብቅም፤ መድኃኒቱ ዛሬውኑ ይጀመር። የሥራ መመለሱ ግን በመኸር አጨዳ፣ ከኅዳር ጀምሮ ቢሆን እንመርጣለን። እህል አለ፤ ሥራው በቡድን የሚሠራና በየደረጃው የሚከፋፈል ነው። ማጨድ ያልሆነለት ነዶ ይሸከማል፤ መሸከም ያልሆነለት በአውድማው ላይ በሬ ይነዳል፤ ማታ ላይ ሁሉም ከአንድ ገበታ ይበላል።